ባሕር ዳር ላይ የፈላ ውሃን 94 የሚያነብ ሴንሰር ልክ ነው

ሰላም ወንድማችን። የሳሎን፣ የበረንዳና የጣሪያ ሦስት ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት ሴንሰሮችን ከአንድ ኢኤስፒ32 (ሴንሰሮቹን ከሚያነብ ትንሽ የኮምፒውተር ሰሌዳ) ጋር አገናኝተህ፣ የጣሪያው የሶላር ውሃ ማሞቂያ አልፎ አልፎ 85 ወይም -127 ያሳያል፤ የሳሎኑ ሁለት ዲግሪ ያህል አብዝቶ ያነባል፤ በፈላ ውሃ ስትፈትሻቸው ደግሞ ሁሉም 94 አካባቢ ስለቆሙ "6 ልጨምርባቸው ወይ?" ብለሃል።

ከመጨረሻው ልነሳ። እባክህ 6 አትጨምር! ውሃ በ100 ዲግሪ የሚፈላው በባሕር ወለል ላይ ነው። ባሕር ዳር ከዚያ በ1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃውም 94 ላይ ይፈላል። ሴንሰሮችህ እውነቱን ነው የነገሩህ። 6 ብትጨምር 22 ዲግሪ የሆነው ሳሎን 28 ይሆንብሃል። ደግሞም የፈላ ውሃ ለዚህ ሴንሰር ጥሩ መፈተሻ አይደለም። አምራቹ ስህተቱ ከግማሽ ዲግሪ አይበልጥም የሚለው ከ-10 እስከ 85 ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ስህተቱ ይሰፋል።

የሚታመነው በረዶ ነው፤ በረዶ የሚቀልጥበት ሙቀት በከፍታ ምክንያት በመቶኛ ዲግሪ እንኳ አይለወጥም። ከታሸገ ውሃ በረዶ ሥራ፤ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለህ አድቅቀውና ፔርሙዝ ሙላ። ከዚያ በበረዶው መሐል ያለው ክፍተት እስኪሞላ ብቻ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በረዶው ከላይ ተንሳፎ ከሥር ውሃ ብቻ ከሆነ፣ የታችኛው ውሃ እስከ 4 ዲግሪ ሊሞቅ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ውሃውን አፍስስና በረዶ ጨምር። ሦስቱን ሴንሰሮች በላስቲክ አንድ ላይ እሰርና የፔርሙዙን ጎንና ታች ሳይነኩ መሐል ላይ አቁማቸው። እያማሰልክ 10 ደቂቃ ጠብቅ። አንዱ 0.6 ካነበበ ማስተካከያው፣ ማለትም ኮዱ ላይ በንባቡ ላይ የምትደምረው ቁጥር፣ -0.6 ነው። ለማረጋገጥ 38 ዲግሪ ገደማ የሆነ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከጥሩ ዲጂታል የትኩሳት ቴርሞሜትር ጋር አብረህ ንከራቸው። በሁለቱም ቦታ ልዩነቱ ከተቀራረበ አንዱ ቁጥር ይበቃሃል።

ማስተካከያውን "አንደኛ፣ ሁለተኛ" በሚል ተራ አትመዝግብ። አንድ ሴንሰር ሲጠፋ ተራው ይቀያየርና የሳሎኑ ማስተካከያ ለጣሪያው ይሆናል። እያንዳንዱ ሴንሰር የራሱ ባለ 64 ቢት አድራሻ አለው፤ ኮዱ ላይ ቁጥሩን ከአድራሻው ጋር አያይዘው።

ወደ ጣሪያው እንምጣ። 85 ሴንሰሩ ኃይል እንዳገኘ፣ ገና ሳይለካ የሚይዘው ቁጥር ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ አንዴ ከታየ ችግር የለውም። ደጋግሞ ከመጣ ግን ወይ የኃይል መስመሩ እየተቆራረጠ ነው፣ ወይ ኮዱ መለኪያው የሚፈልገውን 750 ሚሊሰከንድ ሳይጠብቅ ያነባል። -127 ደግሞ የአርዱዊኖው ላይብረሪ (ሴንሰሩን የሚያነብልህ ዝግጁ ኮድ) ሴንሰሩን ሲያጣው የሚሰጥህ ቁጥር ነው። እነዚህን ኮዱ ላይ ማጣራት ትችላለህ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ገመዱን አስተካክል፣ አለዚያ በሽታውን ደብቀህ ትቀመጣለህ።

በሴንሰሩ የዳታ (መረጃ ማስተላለፊያ) ገመድና በ3.3 ቮልቱ ገመድ መሐል 4.7 ኪሎ ኦህም ሬዚስተር መኖሩን እይ፤ ቀለበቶቹ ቢጫ፣ ሐምራዊ፣ ቀይ ናቸው። ወደ 5 ቮልት አትሳበው፣ የኢኤስፒ32 ፒን አይችለውም። ሦስቱ ገመዶች ከኢኤስፒ32ው ሳጥን ላይ እንደ ኮከብ ተበታትነው ከሄዱ፣ ሲግናሉ ከየጫፉ እየተመለሰ ይረብሻል። ትክክለኛው መንገድ አንድ ገመድ ከሳሎን ወደ በረንዳ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያ ማስኬድ ነው። ገመዱ አስቀድሞ ከተዘረጋ ግን ለጣሪያው ብቻ የራሱን ፒንና የራሱን ሬዚስተር ስጠው። ከ34 እስከ 39 ያሉት ፒኖች ማስገቢያ ብቻ ስለሆኑ ለዚህ አይሠሩም። ለረጅሙ መስመር የኔትወርክ ገመድ ተጠቀም፤ ዳታውና ግራውንዱ (ጥቁሩ) እርስ በርሳቸው በተጠማዘዙ ሁለት ክሮች፣ በአንድ ጥንድ ይሂዱ። ሬዚስተሩንም ወደ 2.2 ኪሎ ኦህም ማውረድ ይረዳል። ከ220 ቮልት ገመድ ጋር በአንድ ቱቦ ፈጽሞ አታሳልፈው።

የጣሪያውን መገጣጠሚያ ፍታና የመዳቡን ክር ተመልከት። አረንጓዴ ከሆነ እርጥበት ገብቶበታል። በሐይቁ ዳር፣ በተለይ በክረምት፣ ናስትሮ ብቻውን አይበቃም። ጤነኛው መዳብ እስኪታይ ቁረጥ፣ ሶልደር አድርግ፣ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሰው። ገመዱ ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይታጠፍ፤ የዝናቡ ውሃ እጥፋቱ ላይ ይንጠባጠባል። መልሰህ ኃይል ከሰጠኸው በኋላ የሴንሰሩን ብረት በጣትህ ንካ፤ ወዲያው የሚያቃጥል ከሆነ ቀዩና ጥቁሩ ተገለባብጠዋልና ቶሎ ንቀል። የርካሾቹን የገመድ ቀለም ሁልጊዜ አትመን።

የሳሎኑ ሁለት ዲግሪ ምናልባት የኢኤስፒ32ው የራሱ ሙቀት ነው። ሴንሰሩን ከሳጥኑ አውጥተህ 20 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ጎን አርቀው፤ ሙቀት ሽቅብ ስለሚወጣ ከሳጥኑ በላይ አታድርገው። ከፍሪጅና ፀሐይ ከሚያርፍበት ግድግዳም ይራቅ። ከአንድ ሰዓት በኋላ አንብበው፤ አሁንም ከበለጠ የበረዶውን ማስተካከያ በትክክለኛው አድራሻ መጻፍህን እይ።