የኒውተን ፊርማ በሳንቲም ሂሳብ ላይ ምን ይሠራል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጁ። ኢንተርኔት ላይ ለጨረታ የቀረበ አንድ ያረጀ ወረቀት አየሁ። ከታች የአይዛክ ኒውተን ፊርማ አለበት። ጽሑፉ ግን ስለ ስበትም ስለ ብርሃንም አይደለም፤ ስለ ወርቅና ስለ ብር ሳንቲም ነው። ኒውተን የመንግሥት ሠራተኛ ነበር እንዴ? እንዲህ ያለ ወረቀትስ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? (የፊዚክስ መምህር፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ መምህር፣ ሰውየው ራሱ ነው። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1696 ካምብሪጅን ትቶ ለንደን ገባና የእንግሊዝ ንጉሣዊ ሳንቲም ማምረቻ ተቆጣጣሪ ሆነ። ከ1699 መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ እስከሞተበት እስከ 1727 ድረስ ዋና ኃላፊው ነበር። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሥራ ነው! በክፍል ውስጥ ሲነሳ አለመስማታችን በጣም ይቆጨኛል።

ሹመቱን ያገኘለት ወዳጁ ቻርልስ ሞንታጉ ነው። ሥራው ብዙም ጊዜ እንደማይወስድ ነግሮት ነበር፤ ኒውተን ግን እንደዚያ አድርጎ አልያዘውም። በዚያ ጊዜ በእጅ የተመቱት የቆዩ የብር ሳንቲሞች ዳርና ዳራቸው እየተቆረጠ ይሰረቅ ነበር፣ ፎርጅድም ሞልቷል። መንግሥት የቆየውን ብር ሰብስቦ እንደ አዲስ ሊያትም ወሰነ። ኒውተን ፎርጅድ ሰሪዎችን ማሳደድም ሥራው ስለነበር ምስክር ይሰማ፣ ቃል ይቀበል፣ ይፈርምም ነበር። ዊሊያም ቻሎነር የሚባል ስመ ጥር አጭበርባሪ ሳንቲም ማምረቻውን በአደባባይ ከስሶ፣ እኔ ገብቼ ላስተካክልላችሁ እስከማለት ደርሶ ነበር። ኒውተን ማስረጃውን አንድ በአንድ ሰብስቦበት ቻሎነር በ1699 በስቅላት ተቀጣ።

ፊርማው ካረፈባቸው ወረቀቶች ሁሉ እኔን የሚያስደንቀኝ ግን ሴፕቴምበር 21 ቀን 1717 ለግምጃ ቤት ኃላፊዎች የጻፈው ሪፖርት ነው። ችግሩ ይሄ ነበር፦ የብር ሳንቲም ከእንግሊዝ እየወጣ ያልቃል። ለምን? ኒውተን የአገሮቹን ዋጋ አነጻጸረ። በቻይናና በጃፓን በክብደት አንድ ፓውንድ ንጹሕ ወርቅ የሚያወጣው ዘጠኝ ወይም አሥር ፓውንድ ብር ብቻ ነው፣ በሕንድ አሥራ ሁለት ግድም፣ በእንግሊዝ ግን ከአሥራ አምስት በላይ። ስለዚህ የእንግሊዝን ሳንቲም ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ቢሆንም ነጋዴው ብሩን ጭኖ ወደ ምሥራቅ ቢሄድ ያተርፋል። መፍትሔው ጊኒ የሚባለውን የወርቅ ሳንቲም ዋጋ ዝቅ ማድረግ ነው። ከሌላው አውሮፓ ጋር ለማስተካከል አሥር ወይም አሥራ ሁለት ፔንስ (12 ፔንስ አንድ ሽልንግ ነበር) መቀነስ እንደሚያስፈልግ አስልቷል፤ ለጊዜው ግን ስድስት ብቻ ተቀንሶ ውጤቱ ይታይ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጊኒ ከ21 ሽልንግ ከ6 ፔንስ ወደ 21 ሽልንግ ወረደ።

ቅነሳው አልበቃም። ብሩ መውጣቱን ቀጠለ፣ ወርቁ ቀረ፣ እንግሊዝም ቀስ በቀስ ገንዘቧን በወርቅ የምትለካ አገር ሆነች። ይሄን ሁሉ ኒውተን አቅዶ ያደረገው አይመስለኝም። ግን አንድ የሒሳብ ሰው የገበያን ጉዳይ እንዲህ በቁጥር ይዞ ሲሟገት ማየት ደስ ይላል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። የዚያ ዘመን የመንግሥት ደብዳቤ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በጸሐፊ እጅ ነው፤ ኃላፊው ከታች ይፈርማል። ስለዚህ ጽሑፉና ፊርማው በተለያየ እጅ ቢሆኑ አይደንግጡ፣ በራሱ እጅ ከጻፈው ግን ዋጋው ይለያል። ቀኑንና ማዕረጉን አብረው ያስተያዩ። በ1697 ዋና ኃላፊ የሚል ካለበት ይጠርጥሩ፣ ያኔ ገና ተቆጣጣሪ ነበር። ከ1705 በፊት ሰር የሚል ካለም እንደዚያው፣ ንግሥት አን ይህን የክብር ማዕረግ የሰጠችው በዚያ ዓመት ነው። ደግሞ እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዞች ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ስለነበር የጃንዋሪና የፌብሯሪ ደብዳቤ ላይ ሁለት ዓመት ተጽፎ ሊያዩ ይችላሉ። ሁለት አቆጣጠር ይዘን ለምንኖር ለእኛ ይሄ አያስቸግርም።

ሻጩን ደግሞ ወረቀቱ በማን በማን እጅ አልፎ እሱ ጋ እንደደረሰ ይጠይቁት። በኒውተን ዘመዶች ቤተሰብ እጅ የቆዩት ወረቀቶች በ1936 ለንደን ላይ በጨረታ ተበትነዋል። የሃይማኖት ጽሑፎቹ ብዙዎቹ ዛሬ ኢየሩሳሌም ናቸው፣ የሳንቲም ማምረቻው ደግሞ ለንደን ውስጥ ኪው በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል። የአብዛኞቹን ቃል ኒውተን ፕሮጀክት በነጻ ኢንተርኔት ላይ አውጥቶታል። ሐሳብዎ ለተማሪዎችዎ ለማሳየት ከሆነ ገንዘብዎን አያውጡ። የ1717ቱን ሪፖርት ያውርዱና የወርቅና የብሩን ንጽጽር ራሳቸው እንዲያሰሉት ይስጧቸው።