የአባቴ ተዝካር ላይ ሽንኩርት ልክተፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር፣ ጌታ ይባርክዎት። ጌታን ካገኘሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ቤተሰቤ በሙሉ ኦርቶዶክስ ነው። አባቴ በቅርቡ አረፈ፤ የአርባ ቀን ተዝካሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ «መጥተሽ ከእህቶችሽ ጋር ሥራውን ያዢልኝ» አለችኝ። የኅብረቴ ልጆች ግን «የተዝካር ምግብ ለጣዖት እንደ ተሠዋ ነው፣ እጅሽን እንዳታስነኪ» ይሉኛል። ወንድሜ ደግሞ «ካልመጣሽ እህት አለችኝ አልልም» ብሎ ስልክ ዘጋብኝ። ምን ላድርግ? እናቴንስ እንደ ክርስቲያን ልቁጠራት ወይስ ገና ወንጌል እንዳልሰማች ሰው?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከሁሉ በፊት አንቺ ሐዘንተኛ ነሽ። ጓደኞችሽ አባትሽን ማጣትሽን ትተው ቀጥታ ወደ ወጡ የሄዱ ይመስላል።

አጭሩ መልሴ፦ ሂጂ። ሽንኩርቱንም ክተፊ።

«ለጣዖት የተሠዋ» የሚለውን እንየው። ጳውሎስ ይህን የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። እዚያ በጣዖት ቤት የታረደ ሥጋ ወጥቶ ገበያ ላይ ይሸጥ ነበር። ጳውሎስ ራሱ ምን አለ? የገበያውን ሥጋ ሳትጠያይቁ ብሉ አለ። ያላመነ ሰው ቢጠራችሁና መሄድ ብትፈልጉ፣ የቀረበላችሁን ሁሉ ብሉ አለ። አንደኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 10ን እስከ መጨረሻው አንብቢው። አንቺን የጠራሽ ግን የዜዎስ ካህን አይደለም። የወለደችሽ እናት ናት። የተዝካሩ ጸሎት «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይጀመራል፤ ምግቡን ዘመድ፣ ጎረቤትና ነዳያን ይበሉታል። ጣዖቱ የትኛው ነው? ጓደኞችሽን ይህን ጠይቂልኝ።

ልዩነት የለም እያልኩሽ አይደለም። አለ፣ ትልቅም ነው። እኛ ወንጌላውያን ሰው ከሞተ በኋላ የሚደረግ ጸሎት የሟቹን ዕጣ ይለውጣል ብለን አናምንም። ኦርቶዶክሳውያን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በሕይወት ላሉትም ላንቀላፉትም መጸለይ አለባት ይላሉ። የምንቀበላቸው መጻሕፍት ቁጥር እንኳ አይገጥምም፤ እኛ 66፣ እነሱ 81። ይህን ሸፋፍኖ «ሁላችንም ያው ነን» ማለት ለእናትሽም ክብር አይሆናትም። እሷ የምታምነውን አጥብቃ ነው የምታምነው።

ስለዚህ ሥራውን ያዢ፣ ህሊናሽ የማይቀበለውን ደግሞ ተዪ። ፍትሐቱ ሲደረግ በጸጥታ ቁሚ። የማታምኚበትን ጸሎት አብረሽ ማለት የለብሽም፤ ፊትሽን ማኮሳተርም የለብሽም። ጠላ መቅዳት ከከበደሽ እንጀራ አቅርቢ። (የተዝካር ቤት ሥራ አያልቅም፣ አትስጊ።) ቀኑ ጾም ከሆነ አብረሽ የጾሙን ብዪ። ሮሜ 14 የሚበላው የማይበላውን እንዳይንቅ፣ የማይበላውም በሚበላው ላይ እንዳይፈርድ ያዛል። እኛ ሁለተኛውን ለሌላው መስበክ እንወዳለን፤ የመጀመሪያው ለእኛ የተጻፈ ነው። አደራሽን ደግሞ፣ ያን ቀን ማንንም ለመስበክ አትሞክሪ። ባሏን ቀብራ አርባ ቀን ያልሞላት ሴት ሰሚ እንጂ ሰባኪ አይደለም የምትፈልገው።

እኔ በዚህ ነገር ወድቄበታለሁ። አያቴ ስትሞት የ22 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጌታን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ስለሆነ እንደ አዲስ ሚጥሚጣ ነበር የምሰነፍጠው። አስከሬኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እኔ ቅጥሩ በር ላይ ቀረሁ። ዝናብ ይጥላል። ለእምነቴ የቆምኩ መስሎኝ ነበር። አጎቴ ወጣና ምንም ሳይናገር ጃንጥላውን አስያዘኝ፤ በዝናቡ ተመልሶ ገባ። ያን እያየሁ እንኳ ልግባ አላልኩም። ያሳደገችኝ አያቴ ነበረች።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ ልምጣ። ማን እንደዳነ የሚጻፍበት መዝገብ በእኔ እጅ የለም፣ በኅብረትሽ ልጆችም እጅ የለም። ግን እናትሽን ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? «መድኃኔዓለም ያውቃል» ስትል ማንን ነው የምትጠራው? የዓለምን መድኃኒት አይደለም እንዴ? በቅዳሴ የምትሰማው ጸሎተ ሃይማኖት መሠረቱ በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተጣለ ነው። ወልድ ከአብ ጋር በመለኮቱ የተካከለ መሆኑን፣ ስለ እኛ መሰቀሉንና መነሣቱን ይመሰክራል። እኛም ይህንኑ እናምናለን። እስኪ አንድ ቀን ቡና እየጠጣችሁ «እማዬ፣ ኢየሱስ ለአንቺ ማነው?» ብለሻት ዝም በዪ። ለማረም አይደለም፣ ለመስማት።

የያዝሽውንም መጽሐፍ ቅዱስ አስቢ። ሙሉውን መጀመሪያ ወደ አማርኛ የተረጎመው አቡ ሩሚ ወይም አባ አብርሃም የሚባል የጎጃም መነኩሴ ነው። ካይሮ ተቀምጦ አሥር ዓመት ያህል ለፋበት። ጽሑፉን ገዝቶ ያሳተመው ደግሞ የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ነው፤ ሙሉው በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ። መነኩሴው ተረጎመ፣ ፕሮቴስታንቶቹ አሳተሙ። ጸጋ፣ ንስሐ፣ ወንጌል እያልሽ የምትጸልዪባቸውን ቃላትስ ከአንቺ በፊት በብራና ጠብቆ ያቆየልሽ ማን ሆነና?

ወጣቶችን ሳስተምር ሁለት ስም አብሬ እጠራለሁ፤ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስና የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳ። ሁለቱንም ደርግ የገደላቸው በአንድ ክረምት፣ በ1971 ዓ.ም. ነው። አስከሬናቸውም የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ብዙ ልጆች አንደኛውን ብቻ ነው የሚያውቁት፤ የቱን እንደሚያውቁ ደግሞ እንደ ሰፈራቸው ይለያያል።

ወንድምሽ «ጴንጤ» ወይም «መናፍቅ» ቢልሽ ምን ትይዋለሽ? ምንም። ከእኛም ወገን «ሃይማኖተኛ» የሚለውን ቃል እንደ ስድብ የሚወረውር አለ፤ ዕዳችን እኩል ነው። እሱም አባቱን ቀብሯል። የዘጋብሽን ስልክ ለማዳን ቃል አትምረጪ። ነገ ደውዪለትና እንጀራው የሚጋገረው መቼ እንደሆነ፣ አንቺ ስንት ኪሎ ሽንኩርት ይዘሽ መምጣት እንዳለብሽ ጠይቂው።