ዲቪዲ በትልቅ ስክሪን፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በድሮው ባለ ትልቅ ጀርባ ቴሌቪዥን ጥርት ብለው ይታዩን የነበሩት ዲቪዲዎች፣ ባለ 55 ኢንች ፎርኬ (4K) ቴሌቪዥን ከገዛን ወዲህ ደብዝዘውብናል። የተበላሹት ዲስኮቹ ናቸው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

መልስ፦ ሁለቱም ደህና ናቸው። የዲቪዲ ምስል ልኩ የተወሰነ ነው፤ ዲስኮች ከሁለቱ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች በአንዱ ይቀረጻሉ፤ በፓል (PAL) ዲስክ 720 በ576፣ በኤንቲኤስሲ (NTSC) ዲስክ 720 በ480 ፒክስል፣ ማለትም የምስል ነጥብ። የእናንተ ስክሪን ደግሞ 3840 በ2160 ነው። ሲሰላ ከፓሉ 20፣ ከኤንቲኤስሲው 24 እጥፍ ይሆናል። ያንን ሁሉ ትርፍ ቦታ ቴሌቪዥኑ በግምት ይሞላዋል እንጂ ዲስኩ ላይ ያልተቀረጸ ዝርዝር ከየትም ሊያመጣ አይችልም። የድሮው ቴሌቪዥን ስክሪኑ ትንሽ ስለነበረ፣ ጠርዙንም በባሕርይው ስለሚያለሰልስ ጉድለቱን ይሸፍንላችሁ ነበር።

ያም ሆኖ በደንብ የተሠራ ዲቪዲ በትልቅ ስክሪንም ደስ ብሎ ይታያል። በየቤቱ የምናየው ብዥታ ብዙውን ጊዜ ከዲስኩ የመጣ ሳይሆን መንገድ ላይ የተጨመረ ነው፤ ከገመዱ፣ ከማጫወቻው ሴቲንግና ከቴሌቪዥኑ ሜኑ።

እነዚህን ከመነካካታችሁ በፊት ግን የመቀመጫችሁን ርቀት ለኩ። ዓይኑ ጤነኛ የሆነ ሰው የዲቪዲን መስመሮች ለይቶ ማየት የሚያቆመው ከስክሪኑ ቁመት በፓል 6፣ በኤንቲኤስሲ 7 እጥፍ ያህል ሲርቅ ነው። የ55 ኢንች ስክሪን ቁመት 68 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ርቀቱ ከ4 ሜትር በላይ ይሆናል ማለት ነው። ለፎርኬ ተብሎ 1 ሜትር ተኩል ላይ የተቀመጠ ሶፋ ለዲቪዲ በጣም ቅርብ ነው። ክፍሉ ከፈቀደ ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡት።

ጥያቄ፦ ማጫወቻዬ ከቴሌቪዥኑ ጋር የተገናኘው በቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ነው። ወደ ኤችዲኤምአይ ብቀይረው ለውጥ አለው? ውድ የሆነውን ገመድ መግዛትስ አለብኝ?

መልስ፦ ከሁሉም የበለጠው ለውጥ እዚህ ጋ ነው። ነጩና ቀዩ ድምፅ ስለሆኑ ምስሉን የሚሸከመው ቢጫው ብቻ ነው። በዚያ አንድ ሽቦ ውስጥ ብርሃንና ቀለም ተደባልቀው ይመጣሉ፤ ቴሌቪዥኑ መልሶ ሲለያያቸው ደግሞ ፈጽሞ አይጠራለትም። ለማየት ከፈለጉ ቀይ ጽሑፍ ያለበት ቦታ ፈልገው ወደ ስክሪኑ ይጠጉ፦ ጥቃቅን ነጥቦች የፊደሉን ጠርዝ ይዘው እንደ ጉንዳን ሲርመሰመሱ ያያሉ። ቀጫጭን መስመር ባለው ሸሚዝ ላይም ሸሚዙ ውስጥ የሌለ ቀለም ይታያል። ኤችዲኤምአይ ሲያስገቡ ሁለቱም ይጠፋሉ።

ገመዱ ውድ መሆን የለበትም። ምልክቱ ዲጂታል ስለሆነ ከደረሰ ደረሰ ነው፤ ገመዱ ከተበላሸ ምስሉ አይደበዝዝም፣ ነጫጭ ብልጭታ ያሳያል ወይም ጨርሶ ይቋረጣል። ሳያብለጨልጭ የሚያሳይ የ2 ሜትር ገመድ ካለዎት ተጨማሪ ገንዘብ አያውጡ።

ማጫወቻው ኤችዲኤምአይ ከሌለውና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ጃክ ካለው ኮምፖነንቱን ይጠቀሙ፤ ሜኑው ውስጥ ‹ፕሮግረሲቭ ስካን› የሚለውንም ያብሩ። ሲሰኩ ሁለት ቀይ ጃክ እንዳለ ልብ ይበሉ፤ አንዱ የምስል፣ ሌላው የድምፅ ነው። ስክሪኑ ላይ ጥቁርና ነጭ ምስል ብቻ ከመጣ ቢጫው ገመድ አረንጓዴው ጃክ ውስጥ ገብቶ፣ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ኮምፖነንት ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል። ቢጫውን ወደ ኤችዲኤምአይ የምትቀይረውን ትንሽ ሣጥን ግን አልመክርም። ጉዳቱ ቢጫው ሽቦ ውስጥ አስቀድሞ ደርሷል፤ ሣጥኗ የተበላሸውን ምስል ነው የምታስተላልፈው።

ጥያቄ፦ ፊልሙ በአራቱም ጎን ጥቁር ይዞ መሀል ላይ አንሶ ይታያል። በሪሞቱ ዙም ሳደርገው ስክሪኑን ይሞላል፣ ግን ብዥ ይላል።

መልስ፦ ማጫወቻዎ አሁንም ከድሮው 4፡3 (ወርዱ 4፣ ቁመቱ 3 እጅ ከሆነ) ቴሌቪዥን ጋር የተገናኘ መስሎታል። ዲስኩን ያውጡ (ብዙ ማጫወቻዎች ዲስክ እየሠራ ይህን ሴቲንግ አይከፍቱም)፣ ወደ ሴትአፕ ይግቡና ‹ቲቪ ታይፕ› ወይም ‹ቲቪ አስፔክት› የሚለውን 16፡9 ላይ ያድርጉ። ቴሌቪዥኑን ደግሞ ከዙም አውጥተው 16፡9፣ ‹ፉል› ወይም ‹ዋይድ› ላይ ይመልሱት።

ምክንያቱን ማወቁ ይጠቅማል። ለሰፊ ስክሪን የተዘጋጀ ዲቪዲ ምስሉ ወደ ጎን ተጨምቆ ሙሉዎቹን 576 መስመሮች ይዞ ተቀርጿል፤ ቴሌቪዥኑ ወደ ጎን ብቻ ይዘረጋዋል። ማጫወቻው 4፡3 ላይ ሲሆን ግን ጥቁሩን ለመጨመር 576ቱን ወደ 432፣ በኤንቲኤስሲም 480ውን ወደ 360 ያወርዳቸዋል። ከዲስኩ መስመር ሩቡ ቴሌቪዥኑ ጋ ሳይደርስ ቀረ ማለት ነው። ዙም የሚለጥጠው ያንን የተረፈውን ነው፤ ብዥ የሚለውም ለዚህ ነው።

ከተስተካከለ በኋላ ከላይና ከታች ቀጭን ጥቁር ከቀረ አይንኩት፤ የፊልሙ ቅርጽ ራሱ ከ16፡9 የሰፋ ነው። በ4፡3 የተቀረጸ የድሮ ፕሮግራምም ግራና ቀኙ ጥቁር ቢሆን ይሻላል፤ ስክሪኑን እንዲሞላ ሲለጠጥ የሰው ፊት ይወፍራል። ዙም የሚያስፈልጋቸው ጥቁሩ ምስሉ ላይ አብሮ የተቀረጸባቸው አንዳንድ የቆዩ ዲስኮች ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ማጫወቻው ምስሉን ወደ 1080ፒ (1080 መስመር) ያሳድጋል ይላል። እሱ ያሳድገው ወይስ ቴሌቪዥኑ?

መልስ፦ የተሻለ የሚሠራው ይሥራው፤ የትኛው እንደሆነ በዓይንዎ ይፈትኑ። ‹ኤችዲ ያደርጋል› የሚለው ማስታወቂያ መጠኑን እንጂ ዝርዝሩን አይጨምርም።

ከማሳደጉ የሚከብደው ሥራ ሌላ ነው። ዲቪዲ እያንዳንዱን ምስል በሁለት ግማሽ፣ ማለትም ጎደሎ ቁጥር መስመሮችን በአንዱ፣ ሙሉ ቁጥሮቹን በሌላው አድርጎ ይልካል። ግማሾቹን በትክክል ያልገጠመ መሣሪያ በሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዝ ላይ የማበጠሪያ ጥርስ የመሰለ መስመር ያወጣል። ስለዚህ ካሜራው አጥር ወይም ደረጃ እያሳየ በዝግታ የሚዞርበትን ቦታ ይምረጡና ማጫወቻውን መጀመሪያ 1080ፒ፣ ቀጥሎ 576ፒ (ለኤንቲኤስሲ 480ፒ)፣ ከተፈቀደም 576አይ (ግማሾቹ ሳይገጠሙ የሚላኩበት) ላይ አድርገው ያንኑ ቦታ ደጋግመው ይዩ። በመጨረሻው ምርጫ ሥራውን በሙሉ የሚሠራው ቴሌቪዥኑ ነው። መስመሮቹ የማይንቀጠቀጡበትን ይያዙ። ማጫወቻው ርካሽ፣ ቴሌቪዥኑ አዲስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቴሌቪዥኑ ያሸንፋል። ጥሩ የብሉሬይ ማጫወቻ ካለዎት ግን ዲቪዲውን በእሱ ያጫውቱ።

እግረ መንገድዎን ‹ቲቪ ሲስተም› የሚለውን ‹ኦቶ› ወይም ‹መልቲ› ላይ ያድርጉት። ኤንቲኤስሲ ላይ ተቆልፎ ከቆየ የፓሉን ዲስክ መስመር እየቀነሰ፣ እንቅስቃሴውንም እያቆራረጠ ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ ሻርፕነሱን መቶ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ሆኖም ፊቶች ሻካራ ሆነው ይታያሉ።

መልስ፦ ያሻከራቸው እሱ ነው! ሻርፕነስ ዝርዝር አይጨምርም፤ በጠርዝ ላይ ነጭ መስመር ያሰምራል። በዲቪዲ ላይ ደግሞ በመጨመቅ የመጣውን እንከን አብሮ ያጎላዋል። ጥቁር ጽሑፍ ላይ ያቁሙና በፊደሉ ዙሪያ ያለው ነጭ ጥላ እስኪጠፋ ዝቅ ያድርጉት። ማቆሚያው በአንዳንድ ቴሌቪዥን ዜሮ፣ በሌላው መሀል አካባቢ ነው። ‹ዳይናሚክ› ወይም ‹ቪቪድ› ሞድን ትተው ‹ሙቪ› ወይም ‹ሲኒማ› ይምረጡ። ‹ኖይዝ ሪዳክሽን› ዝቅተኛ ላይ ይበቃል፤ ከፍ ሲል ፊትን ሰም ያስመስላል።

ጥቁሩ ግራጫ ከሆነብዎት፣ ወይም በተቃራኒው ጨለማው ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ከተዋጠ፣ የማጫወቻውና የቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ሬንጅ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው የብርሃን ልክ) አልተጣጣመም። ሁለቱንም ‹ሊሚትድ› ላይ ያድርጉ፤ በአንዳንድ ቴሌቪዥን ‹ሎው› ይባላል።

ጥያቄ፦ ዲስኩን ባጥበው ምስሉ ይጠራል?

መልስ፦ አይጠራም። ቆሻሻና ጭረት ምስሉን ያቆማል፣ ይዘልላል ወይም በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይበትነዋል እንጂ አያደበዝዘውም። እንዲህ የሚያደርግ ዲስክ ካለ በለስላሳ ጨርቅ ከመሀል ወደ ጠርዝ በቀጥታ ይጥረጉት፤ ክብ እየዞሩ አይጥረጉ። በዲቪዲ መቅረጫ 6 ሰዓት አንድ ዲስክ ላይ የታጨቀ ቅጂ ከሆነ ግን ጥራቱ የጠፋው ሲቀረጽ ነው፤ ዋናው ካሴት ካለ በ2 ሰዓቱ ሞድ እንደገና ይቅረጹት።