ወረቀቷ ላይ ያለው ኤልኤስዲ ላይሆን ይችላል

እህቴ፣ ጥያቄሽ አሳስቦኛል። ከታናሽ ወንድምሽ ቦርሳ ውስጥ ሥዕል የታተመባት፣ ጥፍር የምታክል ወረቀት አገኘሽ። ስትጠይቂው «ኤልኤስዲ ነው፣ ሰው አይገድልም» አለሽ። እውነት ነው ወይ፣ ሕጉስ ምን ይላል ብለሻል። እኔ መሃል አዲስ አበባ፣ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ነርስ ነኝ።

ኤልኤስዲ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራው የስዊዘርላንዱ ኬሚስት አልበርት ሆፍማን ነው። የሚለካው በማይክሮግራም፣ ማለትም በግራም ሚሊዮንኛ ነው። ትንሽ ወረቀት የምትበቃውም ለዚህ ነው። ግን ወረቀት ላይ የሚነከረው እሱ ብቻ አይደለም። 25አይ-ኤንቦም የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ውስጥ ለአንጎል ምርምር ተብሎ የተሠራ ነው። ለእሱም ከአንድ ሚሊግራም በታች ይበቃዋል። ስለዚህ በኤልኤስዲ ስም ይሸጣል፤ ሻጩ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ሁለቱም አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒን የተባለው መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል በሚያርፍበት አንድ ዓይነት ተቀባይ ላይ ይሠራሉ። ቀለም ይጎላል፣ ግድግዳ የሚንቀሳቀስ ይመስላል፣ ሰዓት ይምታታል። ኤንቦም ግን ደም ሥርን ያጠባል፣ ሰውነትን ያግላል፣ ያንቀጠቅጣል። ጡንቻ ይጎዳና ኩላሊትን ይዞ ይሄዳል። በውጭ አገር ወጣቶች ሞተውበታል። «መራራ ከሆነ ትፋው» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፣ ኤንቦም ይመራል፣ ምላስም ያደነዝዛል። ነገር ግን ምላስ ላይ ሲቀመጥ በአፍ ሥጋ በኩል ወዲያው ይገባል። በምላስ መፈተን ማለት መውሰድ ነው።

አንድ ሌሊት ከፒያሳ በኩል ጓደኞቹ ተሸክመው ያመጡት ልጅ ነበር። ሰውነቱ እሳት ሆኗል፤ ብዙ ሆነን ልንይዘው አቃተን። ጓደኞቹ ፖሊስ ፈርተው «መጠጥ ነው» ይላሉ። ከስንት ልመና በኋላ አንዷ ስለ ወረቀቷ ነገረችን። የተለመደው የሽንት ምርመራ ኤንቦምን አይለይም፤ ማርከሻም የለውም። ዲያዜፓም የሚባለውን ማረጋጊያ መድኃኒት ሰጥተን፣ አቀዝቅዘን፣ ግሉኮስ ሰቅለን ነው ያተረፍነው። ያች ልጅ ዝም ብላ ቢሆን ኖሮ ብዙ ሰዓት በከንቱ ያልፍ ነበር።

ወደ ሕጉ ስመጣ፣ ኤልኤስዲ አእምሮን የሚለውጡ ዕፆችን በሚቆጣጠረው የተባበሩት መንግሥታት የ1971 (እ.ኤ.አ.) ስምምነት ጥብቅ በሆነው ሠንጠረዥ አንድ ውስጥ ነው። ኤንቦም እ.ኤ.አ. በ2015 ተጨመረበት። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 525 ደግሞ መሸጥን ብቻ ሳይሆን መያዝንና መጠቀምንም ያስቀጣል። ስለዚህ እባክሽ «ምን እንደሆነ ላስመርምር» ብለሽ ወረቀቷን ይዘሽ ፋርማሲ ለፋርማሲ አትዙሪ።

ዛሬ ማታ ስታወሪው አትጩኺበት። ወስዶ ያውቅ እንደሆነ፣ ከምንስ ጋር እንደወሰደ ጠይቂው። ትራማዶል የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወይም የድብርት መድኃኒት አብሮ ካለ አደጋው ይብሳል። ትኩሳት፣ መንቀጥቀጥ ወይም የደረት ሕመም ካየሽ እስኪነጋ አትጠብቂ፤ 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ፣ ለሐኪሙም የወሰደውን ሁሉ ሳትደብቂ ንገሪው።