«ባለቤቴ የ18 ልጅ አባት ነው፤ ለራሱ ልጅ ግን እንግዳ»

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። 38 ዓመቴ ነው፤ ትዳር ከያዝን 16 ዓመት ሆነን። ወንዱ ልጄ 14፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የትምህርት ቤቱን የእግር ኳስ ቡድን ያዝ ተባለ። ማንም የሸሸው ቡድን ነበር። ልጆቹ ከአጥር ጀርባ ጫት ሲቅሙ ይውላሉ፤ አንድ ጊዜማ ዳኛ ደብድበው ከውድድር ታግደዋል። ዛሬ በሰዓቱ የሚገቡ፣ መምህር ሲያዩ ብድግ የሚሉ ሆነዋል። አምና ለፍጻሜ ደረሱ። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ «ባልሽ ልጃችንን ሰው አደረገልን» ይለኛል።

እኔ ግን ባል የለኝም። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከትምህርት በኋላ ሜዳ፣ ቅዳሜ ጨዋታ፣ እሑድ የአንዱ ልጅ ቤት። አንዱ ልምምድ ከቀረ ቤቱ ድረስ ይሄዳል። የ18 ልጅ አባት ነው፤ ለራሱ ልጅ ግን እንግዳ። ቤቱም የኳስና የማልያ መጋዘን ሆኗል። 18ቱን ማልያ በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ። ልጄ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው፣ ክልላዊ ፈተና አለበት። ማታ አባቱ ሲገባ ከክፍሉ ወጥቶ የኳሱን መረብ ይቀበለውና ይቆጥራል፤ «ሰባት ናቸው፣ አንዱ የት ሄደ?» ይለዋል። ከዚያ በቀር አይነጋገሩም። አንድ ሁለቴ ሜዳ ልሂድ ብሎኝ ነበር፤ ከነዚያ ዱርዬዎች ጋር እንዳይውልብኝ ብዬ ከለከልኩት። አሁን ስልኩን ይዞ በሩን ዘግቶ ይተኛል። በቀደም ባለቤቴን «ወይ ቡድኑን ተው፣ ወይ እኛን ተው» አልኩት። ዝም አለኝ። ጋሼ፣ ይህን ቡድን እንዲተው ምን ላድርግ?

የቲቸር ሚስት፣ ከሀዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ «ጋሼ» ብለሽ ስለጀመርሽልኝ እኔም «አንቺ» እያልኩ ልቀጥል።

ደብዳቤሽን መጀመሪያ ሳነበው ላንቺ አዳልቼ ባለቤትሽን ተቀየምኩት። ማታ ቤቴ ገብቼ ስደግመው ግን ያ የኳስ መረብ ሐሳቤን ያዘው። እመለስበታለሁ። በፊት ስለ ቡድኑ ትንሽ ላውራ፤ ለጥያቄሽ መልስ አይመስልም፤ ታገሺኝ።

ባለቤትሽ እነዚያን ልጆች በምን እንደለወጣቸው በደብዳቤሽ ውስጥ አለ፤ ስትጽፊው ግን ልብ ያልሽው አይመስለኝም። በምክር እንዳልል፣ ምክርማ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሲወርድባቸው ኖሯል። በቅጣት እንዳልል፣ ታግደውም አልተመለሱም ነበር። «አንዱ ልምምድ ከቀረ ቤቱ ድረስ ይሄዳል» ብለሽ በወቀሳ የጻፍሽው ነገር፣ መድኃኒቱ እሱ ነው።

ትምህርት ያቋረጠ ጎረምሳ ለምክር ፊቴ ሲቀመጥ «መቼ ነው የተውከው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ብዙዎቹ ቀኑን አያውቁትም። አንድ ቀን ቀሩ፣ ማንም አልጠየቀም። ሦስት ቀን ቀሩ፣ ስም ሲጠራ ጓደኛ «አቤት» አለላቸው። ከዚያ ሳምንት ሆነ። አንዱ ምን አለኝ መሰለሽ? «ጋሼ፣ ሲጠይቁኝ የምዋሸውን አዘጋጅቼ ነበር፤ የሚጠይቀኝ ጠፋ።» ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። እኔ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

የጫቱንም ነገር በዚህ በኩል እይው። እኛ ወላጆች ቅጠሉን እንረግማለን፤ መርገማችንም ልክ ነው። ነገር ግን በርጫ ላይ ያለው ቅጠል ብቻ አይደለም። ስምንት ሰዓት ላይ ያልደረሰ ልጅ ይደወልለታል። «የት ጠፋህ? እየጠበቅንህ ነው» ይባላል፤ ጥግ ይያዝለታል። ክፍል ሲቀር ማንም ያላወቀበት ልጅ፣ እዚያ ሲቀር ይታወቅበታል። እንግዲህ የባለቤትሽ ዋና ተፎካካሪ ይህ «የት ጠፋህ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። እሱም ያንኑ ጥያቄ ይዞ፣ ከጠመኔ አቧራው ጋር፣ በእግሩ ቤታቸው ድረስ መጣ። ጓደኛ በስልክ ጠየቀ፤ መምህር በር አንኳኳ። ልጅ የትኛውን እንደሚመርጥ ለማወቅ ሥነ ልቦና መማር አያስፈልግም።

ሞሪስ ሮዝንበርግ የሚባል አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር ከባልደረባው ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. ባወጣው የጎረምሶች ጥናት ይህን ስሜት ለብቻው ነጥሎ አይቶታል። በእንግሊዝኛ «ማተሪንግ» (mattering) ብሎታል፤ ለዚህ ቃል የሚቀርበው አማርኛ «ከቁጥር መግባት» ይመስለኛል። ሰው ከቁጥር ገባሁ የሚለው መኖሩን ሲያስተውሉለት፣ የእሱ ነገር ሲገዳቸው፣ እሱ ከሌለ የሚጎድል ሥራ ሲኖር ነው። ወላጆቼ ዘንድ ከቁጥር አልገባም የሚሉ ልጆች ለራሳቸው ያላቸው ግምት ዝቅ ያለ፣ ድብርትም የሚበረታባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እናቴ ይህን ጥናት ሳታነብ ታውቀው ነበር፤ ማታ ገበታ ቀርቦ «እከሌስ?» ሳትል እጇን አትሰድም።

አሁን ወደ መረቡ።

«ከዚያ በቀር አይነጋገሩም» ብለሽ አልፈሽዋል። እኔ ማለፍ አቃተኝ። በ14 ዓመቱ አባቱ ሲገባ ከስልኩ ላይ ቀና ያለ ልጅ ካለ አመስግኚ። ያንቺ ልጅ የዘጋውን በር ከፍቶ ይወጣል፤ መረቡን ይቀበላል፤ ይቆጥራል። ማንም አላዘዘውም። ደግሞ አንድ መጉደሉን ለማወቅ የትናንቱን ቁጥር ማስታወስ ያስፈልጋል። ይህ ልጅ የኳሶቹን ሒሳብ በጭንቅላቱ ይዞ ያድራል። አባቱ ከሚሠራው ሁሉ ከቤት ሳይወጣ የሚደርስባት ሥራ ይህቺ ብቻ ስለሆነች፣ እሷን ጨብጧታል። ጥያቄውንም ስሚው፦ «አንዱ የት ሄደ?» አባቱ የሰው ልጅ ሲጎድልበት በየሰፈሩ እየዞረ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ሜዳውን ከልክለሽዋል፤ ቡድኑን ግን በመረቡ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶበታል።

እንግዲህ የማይጥምሽን ልናገር። ልጅሽን ከአባቱ ያራቀው ቡድኑ ብቻ አይደለም፤ «ልሂድ» ያለውን ልጅ ያስቀረሽው አንቺ ነሽ። ፍርሃትሽ ይገባኛል። እዚህ ከተማ ወንድ ልጅ የምታሳድግ እናት ጫት ባትፈራ ነበር የሚገርመኝ። ነገር ግን በደብዳቤሽ መጀመሪያ «መምህር ሲያዩ ብድግ የሚሉ» ያልሻቸው ልጆች፣ መጨረሻው ላይ «ዱርዬዎች» ሆነው ቆዩኝ። የትኛው ነው? ባለቤትሽ ይህን ስም ሊያስጥላቸው ሁለት ዓመት ደክሟል። አገሩ ተወላቸው፤ በገዛ ቤቱ ግን እስካሁን አልወረደላቸውም። እሱ ይህን ያልሰማ አይመስለኝም።

ባለቤትሽን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። ለሌላ ሰው ልጅ እሑዱን የሰጠ አባት፣ በገዛ ቤቱ በር ዘግቶ የተኛውን አላንኳኳም። ያ ልጅ ልምምድ የቀረ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ሲፈልገው ያመሽ ነበር። ይህን ፊት ለፊት ብነግረው ደስ ይለኛል። በመምህራንና በሐኪሞች ላይ የተለመደ ነገር ነው (እኛ መካሪዎችም አለንበት፤ ባለቤቴ ይህን ካነበበች ስቃ ትሞታለች)። ውጭ ምስጋና አለ፣ ቤት ውስጥ ደግሞ የዘይት ማለቅ። በዚያ ላይ ከተማው ሀዋሳ ነው። ከነማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ ያየ ሕዝብ መሃል፣ የልጆች ቡድን ለፍጻሜ ያደረሰ ሰው ከፒያሳ አሞራ ገደል እስኪደርስ ስንቴ ሻይ እንደሚጋበዝ አንቺ ታውቂያለሽ። እንዲህ ያለውን ሰው «ወይ ቡድኑን፣ ወይ እኛን» ስትይው፣ ከምትመሰገንበትና ከምትወቀስበት ምረጥ ማለትሽ ሆነ። ዝምታውን እንደ ንቀት አትውሰጂው፤ መልስ ያጣ ሰውም ዝም ይላል። ደግሞስ እሺ ብሎ ቢተውልሽ? ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሜዳውን የሚያስብ ባል ነው የምታገኚው።

ቀጥሎ የምለው ጥርጣሬዬ ነው፤ ካልመሰለሽ ተይው። ደብዳቤውን የጻፍሽው ስለ ልጅሽ ነው። ለራስሽ የሰጠሽው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ እሷም በኳስና በመጋዘን መሃል ተሸጉጣለች፦ «18ቱን ማልያ በየሳምንቱ የማጥበው እኔ ነኝ።» 18 ማልያ! ጭቃ የደረቀበት፣ በእጅ የሚፈተግ፤ ቁምጣና ካልሲው ሳይቆጠር። ቅዳሜ ቡድኑ ንጹሕ ለብሶ ሜዳ ሲገባ ጭብጨባው ለማን እንደሆነ እናውቃለን። አንቺ አንድ ቀን እንኳ ጨዋታ አይተሽ ታውቂያለሽ? ደብዳቤሽ አይልም። ስምሽንም አልነገርሽኝም፤ «የቲቸር ሚስት» ብለሽ ነው የጨረስሽው።

ጃፓኖች ዘንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቤዝቦል እኛ ዘንድ እንደ ኳስ ነው። በ1915 እ.ኤ.አ. የተጀመረ፣ በነሐሴ የሚካሄድ አገር አቀፍ ውድድር አላቸው፤ ሰዉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ ይውላል። በየቡድኑ ውስጥ ውሃ የሚያቀርብ፣ ልብስ የሚያጥብ፣ ነጥብ የሚመዘግብ ተማሪ አለ። ኳሷን አይነካትም፤ ግን የቡድኑ አባል ነው፤ በጨዋታ ቀን መዝገቡን ይዞ ከተጫዋቾቹ ጋር አንድ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አንቺ የዚያን ተማሪ ሥራ ትሠሪያለሽ፤ ወንበሩን ግን የሰጠሽ የለም። ስለዚህ «ቡድኑን እንዴት ይተው?» ስትይኝ፣ እኔ የሰማሁት «እኔ ብቀርስ፣ ማን የት ጠፋሽ ይለኛል?» የሚል ነው።

በደብዳቤ ብዙ ማዘዝ አልወድም፤ ቤታችሁን አላየሁም። ለጊዜው «ወይ፣ ወይ» ያልሽውን ብታነሺው ይሻላል ባይ ነኝ። ልጁን አንድ ቅዳሜ ከአባቱ ጋር ላኪው። ፈተናው እንዳይበደል ከሰጋሽ፣ ያን ሰዓት ቢቀርም ስልኩ ላይ ነው የሚያጠፋው። ትንሿን ይዘሽ አንቺም ብትሄጂ አልጠላም። ማልያውን እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ወስዶ አጥቦ ያምጣ፤ ባለቤትሽ ሥርዓት ወዳድ ስለሆነ እምቢ የሚልበት ምክንያት አይታየኝም፤ እንዲያውም «እንዴት እስከዛሬ አላሰብኩትም?» ሳይል አይቀርም። ከወሩ እሑዶች ሁለቱን ለቤቱ ይስጥ ብለሽ ጠይቂው። ብቻ መረቡን ተሸክሞ በር ላይ እንደቆመ አታንሺበት፤ ያቺ ደቂቃ የልጅሽ ናት።

ከሁሉ የሚበልጠው ሁለታችሁ አንድ ላይ ባለሙያ ፊት ብትቀመጡ ነው። እኔ የሰማሁት ያንቺን ብቻ ነው፤ የሱን ብሰማ ከላይ ካልኩት ግማሹን ልሰርዝ እችላለሁ። «እኔ ምን ሆኜ?» ካለ፣ መምህራን ይሉታል፣ አንቺ ብቻሽን ጀምሪ። ስለ ልጁ ግን አንድ ነገር አደራ፦ እንቅልፉ ወይም ምግቡ ከተዛባ፣ ከእኩዮቹም ጭምር ከተለየ፣ የኳስ መቁጠሩንም ከተወ፣ ሽማግሌ ምን ይላል ሳትይ በሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አሳዪው። እስከዚያው ታገሺ፤ ሁለት ዓመት የተጠራቀመ ነገር በሁለት ሳምንት አይጸዳም።

ከወር በኋላ የሆነውን ጻፊልኝ፤ የጠፋው ኳስ መገኘት አለመገኘቱንም ጨምሪበት። ያኔ ግን ስምሽን ጻፊ። አናትመውም፤ እኔ ልወቀው ብዬ ነው።