ከክንዱ በፊት እግሩን እዩ

ልጆቼ፣

ቅዳሜ የኮሌጅ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ስታዩ፣ ኳርተርባኩ (ማጥቃቱን እየመራ ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ስልሳ ያርድ ሲወረውር ከሶፋው ዘላችሁ እንደምትጮኹ አውቃለሁ። እኔም እጮኻለሁ። (አባቶቻችሁ «በእጅ ይዘውት እየሮጡ ምኑ ነው የእግር ኳስ?» እያሉ ይስቁብናል፤ ይሳቁ።) ከእናንተ መካከል ተጫዋች በመመልመል እንጀራውን መብላት የሚፈልግ ካለ ግን፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ በረዳት አሰልጣኝነት የጨዋታ ፊልም ሳይ የኖርኩትን ሽማግሌ ለአንድ አፍታ ስሙኝ።

ተቀባዩን፣ ኳሱ የሚወረወርለትን ተጫዋች፣ እርሱት፤ ኳሱንም እርሱት። ኳርተርባኩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እግሩን ተመልከቱ። የመጀመሪያው ተቀባይ በተከላካይ ተይዟል እንበል። ዓይኑ ወደ ሁለተኛው ሲዞር እግሩ አብሮ ዞረ? ወይስ እዚያው ተተክሎ ቀርቶ ክንዱ ብቻውን ወረወረ? እግሩ ከቀረ ኳሱ ከተቀባዩ ጀርባ ይወድቃል። ተመልካቹ «ክንዱ አያነጣጥርም» ይላል። ጥፋቱ ግን የእግር ነው፤ የእግር ጥፋት ደግሞ በልምምድ ይታረማል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ተከላካይ ሲመጣበት ዓይኑን ከሜዳው ነቅሎ የሚመጣበትን ሰው የሚያይ ልጅ። ከዚያ የዳነ ብዙ አላየሁም።

ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ጊዜ ስለ አንድ ልጅ «ኳሱ ይባክናል፣ አይሆንም» ብዬ በእርሳስ ጽፌ አለፍኩት። ከዓመታት በኋላ ያንኑ ፊልም ሳየው እግሩ እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ነበር። ከወገቡ በታች አላየሁትም ነበር።

ኳርተርባኩን ጆሽ አለንን ውሰዱ። ፋየርቦ ከምትባል የካሊፎርኒያ የእርሻ ከተማ የወጣ ነው። ለዋዮሚንግ ዩኒቨርሲቲ ሲጫወት ከ100 ኳስ ለተቀባይ የሚደርሱት 56 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2018 ድራፍት (የፕሮፌሽናል ሊጉ ቡድኖች የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) የቡፋሎ ቡድን በ7ኛነት ሲመርጠው ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። በሊጉ የመጀመሪያው ዓመት ለተቀባይ የደረሰለት 52.8 በመቶ ሲሆንማ «አላልንም?» ተባለ። በ2020 ግን 69.2 ደረሰ፤ በ2024ቱ የውድድር ዘመን የሊጉ ኮከብ ተጫዋች ተባለ። ክንዱማ ዋዮሚንግም ሳለ ነበረ። ክረምት ከበጋ ሳይል አወራወሩን እያረመ ከረመ።

ደግሞ ይህን ይዛችሁ ጠንካራ ክንድ ያለውን ሁሉ «ቀጣዩ አለን» አትበሉ፤ አብዛኛው አይሆንም። ቡፋሎም በ2020 ስቴፎን ዲግስን የመሰለ ተቀባይ አምጥቶለት ነበር። ሌላው ኳርተርባክ ጆ በሮውም በኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) በ2018 57.8 በመቶ ነበር፤ በማግስቱ ዓመት 76.3 በመቶና 60 ተችዳውን (ነጥብ ያስገኘ ውርወራ)። በመሀል ጆ ብሬዲ የሚባል የቅብብል አሰልጣኝ መጥቶ የማጥቃቱን ስልት ከፍቶታል። እንግዲህ ቁጥር ዘሎ ባያችሁ ቁጥር ጠይቁ፦ ልጁ ነው የተለወጠው፣ ወይስ ቤቱ፣ ማለትም በዙሪያው ያለው ቡድን?

ልጁን በአካል ስታገኙት ስለ ምርጥ ጨዋታው አትጠይቁት፤ እሱን እናቱም ትነግራችኋለች። የተነጠቀባትን ኳስ አንስታችሁ ጠይቁት። አንዱ «ተቀባዩ መንገዱን ሳተ» ይላል። ሌላው ወረቀት ለምኖ፣ ያላየው ተከላካይ የት ቆሞ እንደነበር ይሥልላችኋል። ያችን ወረቀት እንዳትጥሏት። በሚቀጥለው ዓመት ከአዲሱ ፊልም ጎን ዘርግታችሁ እዩአት።