ማካው ሂጂ፣ ሲቪሽን ግን ለካዚኖ አትበትኚ

«ጓንግዡ ሆቴል ማኔጅመንት የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። በእረፍቴ ማካው ሄጄ ካዚኖዎቹ ጋ ሲቪ ልበትን አስቤያለሁ። በቁማር ጠረጴዛ ላይ ካርድ የሚያከፋፍሉት ጥሩ ይከፈላቸዋል ይባላል። ይሳካልኝ ይሆን?»

እህቴ፣ መሄዱን ሂጂ። ካርድ የማከፋፈሉን ነገር ግን እርሺው። የማካው መንግሥት ያንን ሥራ ለነዋሪዎቹ ብቻ ነው የያዘው። ሆቴሎቹ የውጭ ሰው ይቀጥራሉ። ያም ቢሆን አሠሪው አስቀድሞ ፈቃድ ያወጣል፣ አንቺም ለሥራ የሚሰጠውን መግቢያ ይዘሽ ትገቢያለሽ። ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በጎብኚነት ገብቶ እዚያው ሠራተኛ መሆን ቀርቷል። «ብቻ ድረሺ፣ እዚያ እንጨርሳለን» የሚልሽ ደላላ ካለ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጪው።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር አለ። ማካው በ1999 ከፖርቹጋል ወደ ቻይና ብትመለስም የራሷ ኢሚግሬሽን አላት። ኬላውን ስትሻገሪ ከዋናው ቻይና ወጣሽ ማለት ነው። የያዝሽው ፈቃድ መልሶ የሚያስገባሽ መሆኑን የዩኒቨርሲቲሽን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ሳትጠይቂ እንዳትነሺ። ለማካው የሚያስፈልግሽን ቪዛም አብረሽ አጣሪ። የመጨረሻ ዓመትሽ በዚህ እንዲበላሽ አልፈልግም።

በባቡር ከማካው ጋር እስከምትዋሰነው የቻይና ከተማ ዡሃይ ድረስ ሂጂ። ጣቢያው ከጎንግቤይ ኬላ አጠገብ ነው። ከኬላው ማዶ የትልልቆቹ ሆቴሎች ነፃ አውቶብሶች አሉ፤ አንዱን ይዘሽ ኮታይ ውረጂ። ኮታይ ባሕር ተደልድሎ የተሠራ ሰፈር ነው፤ ግዙፎቹ ሆቴሎች እዚያ ናቸው። 21 ዓመት ካልሞላሽ ቁማር ቤቱ አያስገቡሽም፣ ሎቢው ግን ይበቃሻል። ቁጭ በይና አስተውዪ። አውቶብስ ሙሉ እንግዳ ባንዴ ሲራገፍ ሻንጣውን ማን ይቀበላል? ሰልፉ ሲረዝም ከኋላ ማን ወጥቶ ያግዛል? ክፍሉ ያልተዘጋጀለት እንግዳ የት ይቆያል፣ ምንስ ይባላል? ክፍል ውስጥ የተማርሽው ሁሉ እዚህ በዓይንሽ ፊት ይሠራል።

ከዚያ የስብሰባ አዳራሾቹን እይ። ለእኔ ዋናው እሱ ነው። የስድስቱ ካዚኖ ኩባንያዎች ፈቃድ በ2022 መጨረሻ ሲሰጥ፣ ከቁማር ውጭ ለሆነ ሥራ ከ100 ቢሊዮን ፓታካ (የማካው ገንዘብ) በላይ ለማውጣት ቃል ገብተዋል። ጉባኤ፣ ኤግዚቢሽን፣ ኮንሰርት የመሳሰለው ነው። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት። ትልልቅ ሆቴሎቻችን የስብሰባ እንግዳን በደንብ የሚይዝ ባለሙያ ይፈልጋሉ። የእንግዳ መመዝገቢያው የት እንደተቀመጠ፣ ለሻይ እረፍት ሰው ሳይጋፋ እንዴት እንደሚወጣ ጻፊ።

ከሰዓት በኋላ ሴናዶ አደባባይን ሳታዪ እንዳትመለሺ። ጥቁርና ነጭ ድንጋዩ በማዕበል ቅርጽ ተነጥፏል። ከዚያ በእግር ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ፍርስራሽ ይኬዳል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ የቀረው የፊት ግድግዳው ነው። ቱሪዝም ላይ መሥራት ከፈለግሽ አስጎብኚዎቹ ያን ሁሉ ሰው በጠባቡ መንገድ እንዴት እንደሚመሩት ልብ በዪ።

ስትመለሺ ያየሽውን በሁለት ገጽ አድርጊው፤ አዲስ አበባ ላለ ሆቴል ለልምምድ ስታመለክቺ ከሲቪሽ ጋር ታያይዢዋለሽ። መጀመሪያ ግን ለእኔ ላኪልኝ፣ አብረን እናስተካክለዋለን።